ወደ ግድግዳው የምትጠቁም እጅ

የልብስ ማድረቂያው ከበሮ ይዞራል፤ ሙቀት ግን የለም። አንሶላዎቹ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲገላበጡ ቆይተው እንደረጠቡ ወጡ።

የላውንደሪው ባለቤት እርጥቡን አንሶላ እንዳቀፈች ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ማድረቂያው በዚህ ወር ሲበርድባት ይህ ሦስተኛ ጊዜው ነው። የክሊኒኩ አንሶላ እስከ ማታ ካልደረሰ ሥራው ለሌላ ይሰጣል፤ ክሊኒኩ ከሄደ ደግሞ ቤቱ መዘጋቱ ነው። ልታለቅስ አማራት፤ እሱም ጉልበት ይጠይቃል ብላ ተወችው።

ከማሽኑ አጠገብ አልጋ ላይ አባቷ ተኝተዋል። ላውንደሪውን ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው። ግማሽ አካላቸው ከድቷቸው አንደበታቸው ከተያዘ አምስት ወር ሆነ። የቀረችላቸው ግራ እጃቸው ብቻ ናት፤ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር በእሷ ግድግዳውን ይጠቁማሉ። ልጅ ሆዬ እሺ ብላ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ታዞርላቸዋለች፤ እሳቸው ያቃስታሉ። ፊቴን ማየት አስጠልቷቸዋል ብላ ከደመደመች ቆይታለች። ለማንም ግን ትንፍሽ አላለችም።

ኤሌክትሪሽያኑ ደረሰ። ሰፈርተኛው «ቀስ በቀስ» ይለዋል፤ አንድ ብሎን ሲፈታ ይመሻል ለማለት ነው። ቴስተሩን አውጥቶ ለካ።

«አሁንም ፊውዙ ነው።»

«አሁንም? እንቁላል እንኳ ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል፤ ያንተ ጥገና ግን ካለበት ንቅንቅ አላለ! አክስቴ ምን አለች መሰለህ? ‹ለመመላለስ ብሎ ነው አጥብቆ የማይሠራልሽ› ነው ያለችው።»

እጁ ባለበት ቀረ። ከበሮው ቆሟል።

«መምጣቱን እወደዋለሁ፤ አልዋሽሽም» አለ ዓይኑን ከቴስተሩ ሳያነሳ። «ስትደውዪ ደስ ይለኛል። እዚህ ስደርስ ድካምሽን አይና ደስ በማለቴ አፍራለሁ። ፊውዙን ግን እኔ አላቃጠልኩትም። የሚያቃጥለው ነገር አለ፤ ግራ የገባኝም እሱ ነው።»

ድካሟን ልብ ያለላት ሰው መኖሩን አላወቀችም ነበር።

አባቷ አቃሰቱ። እጃቸው ወደ ግድግዳው ተነሳች። እሷም እንደልማዷ እግሯን እየጎተተች ሄደች።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ላዞራቸው ነዋ። እኔን ከማየት ግድግዳውን...» አልጨረሰችውም።

እሱ ጣታቸውን አየ፤ ጎንበስ ብሎም ጣታቸው ወዴት እንደሚያመለክት ተከተለ።

«አባባ፣ ከማሽኑ ኋላ ነው የሚሉኝ?»

እጃቸው አልጋው ላይ ወደቀች። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ማሽኑን ጎትቶ አወጣው። ከጀርባው ትኩሱን አየር በግድግዳው በኩል ወደ ውጭ የሚያስወጣ ቱቦ አለ። እጁን እስከ ክርኑ ሰዶ ግራጫ የጨርቅ ብናኝ በእቅፍ በእቅፍ ጎለጎለ።

«ይኸው! አየሩ መውጫ ሲያጣ ሙቀቱ ይታፈናል፤ ፊውዙም እሳት እንዳይነሳ ብሎ ይቃጠላል። እኔም ፊውዝ እየቀየርኩ ከኋላው አለማየቴ! ማን ነበር የሚጠርገው?»

እሷ ቱቦ መኖሩንም አታውቅም። ቀና ስትል አባቷ ያዩዋታል፤ ጠራጊው እሳቸው ነበሩ።

«አባባ፣ እኔ እኮ የጠሉኝ መስሎኝ...»

ግራ እጃቸው ፀጉሯን ፈልጋ አገኘች። ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ጉልበቱን ከየት እንዳመጣችው እንጃ።

አዲስ ፊውዝ ገባ። ከበሮው ዞረ፤ የማሽኑ በር መስታወት ሞቀ። እሷም ፊቷን ጠርጋ ዞረች።

«ለተናገርኩህ ይቅርታ።»

«አክስትሽ እኮ ግማሹን አልተሳሳቱም» ብሎ ፈገግ አለ። መሣሪያውን ለእሱ እንኳ በበዛ ዝግታ መሰብሰብ ጀመረ። «እንግዲህ ቱቦውን በየወሩ ጥረጊው። ከዚህ በኋላ እኔን መጥራት አያስፈልግሽም።»

እሷ ዓይኗን ወደሚዞረው ከበሮ መለሰች።

አባቷ አቃሰቱ። እጃቸው ተነሳች፤ አሁን ግን ወደ ግድግዳው አልነበረም። በር ሥር ልብስ የተከመረበት አንድ ወንበር አለ፤ እሱን ጠቆሙ።

በዚህኛው አልተሳሳተችም። ልብሱን ከወንበሩ ላይ አነሳች።

«አባባ ተቀመጥ ይሉሃል» አለችው። ትንሽ ቆይታም ጨመረች፤ «እኔም እልሃለሁ።»