የዘጠነኛው ግሪን ጥም

ዘጠነኛው ግሪን ሲጠማው የፈርዶሳ ጉሮሮ ይደርቃል። ሥራዋ ነው። ግሪን የሚሉት የጎልፍ ኳስ ተንከባልላ ጉድጓድ የምትገባበትን፣ ምንጣፍ የመሰለ ሣር ነው። ከሥሩ የተቀበሩት ቀጫጭን ክሮች የሣሩን ጥም እየለቀሙ በእጇ ላይ ወዳለው አንባር ይልካሉ፤ አንባሩ ደግሞ ያንኑ ድርቀት እሷ ላይ ያሳድራል። «ጥም-ነጋሪ» ይሉታል፤ ዘንድሮ ለሙከራ ዘጠነኛው ላይ ብቻ ተተከለ። ማሽኑ የፈርዶሳ ጥም እስኪቆረጥ ድረስ ውሃ ይረጫል።

እንግዲህ ድሬዳዋ ናት፣ ያውም በግንቦት። ሙቀቷ ድሮም አይቻልም ነበር፤ አሁንማ ማቀዝቀዣ የሌለው ሽማግሌ ወሩን አይዘልቅም። ለፈርዶሳ ከሥራው ጋር ባለ ማቀዝቀዣ ቤት ተሰጥቷታል። ልባቸው የደከመ አባቷ በሕይወት ያሉት በዚያ ቤት ነው።

ሰሞኑን ዘጠነኛው ታመመ። ቢጫ ሆነ፣ ሸተተም። ፈርዶሳ ያላደረገችው የለም፤ የማጨጃውን ምላጭ ከፍ አደረገች፣ አፈሩን ወጋግታ አየር አስገባች፣ ማራገቢያ አቆመች። ሣሩ ግን ጠማኝ ማለቱን አልተወም፤ ማሽኑም ማጠጣቱን። ሥራ አስኪያጁ መጥቶ አየና «ይሄ ሣር ከሞተ ቤቱን ትለቂያለሽ» ብሏት ሄደ።

ጥም-ነጋሪን የሠራው ኢንጂነር ምንተስኖት የሰፈሯ ልጅ ነው። ብትጠራው መጥቶ፣ ተንበርክኮ አንድ ጭብጥ ሣር ነቀለ። ሥሩ በስብሷል።

«ውሃ ነው የገደለው። አንቺ ደግሞ ጠማው ትያለሽ?»

«ወላሂ ምንቴ፣ ጉሮሮዬ ደርቆ ኩበት ሆኗል!»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመቼ...» አለችና ቆም አለች። «ረመዳን ከገባ።»

ተያዩ። አንባሩ ጥም ማምጣት ብቻ ሳይሆን ይወስድም ነበር ለካ። የእሷን የጾም ጥም የሣሩ መስሎት ማሽኑ ከንጋት እስከ መግሪብ ሲያጠጣ ከርሟል።

«አቦ! ድሬ ተወልጄ፣ ድሬ አድጌ፣ ረመዳንን ልርሳ?» ምንተስኖት ግንባሩን መታ። «ግድ የለም፣ ከሰው የሚመጣውን ጥም እናስጠፋዋለን፤ ሣሩም ይተርፋል። ትእዛዙን ግን ካንቺ ድምፅ ነው የሚቀበለው።»

ማሽኑ ሲከፈት ግን ያልተጠበቀ ጥያቄ አመጣ። «ከሰው የሚመጣ ጥም ከአጥሩ ማዶም አለ፤ ብዙ ነው። የአጥሩን ቧንቧ ልክፈት?»

ጉድ ፈላ! ክሮቹ እንደ ሣሩ ሥር እያደጉ ከአጥሩ አልፈዋል፤ በላያቸው የቆመውንም ሰው ጥም ይለቅማሉ። ማዶ ሕዝቡ ከተዘጋው የአጥር ቧንቧ ፊት ባዶ ጀሪካን ይዞ ፀሐይ ላይ ተሰልፎ ይውላል፤ ፈርዶሳ በየቀኑ ታየዋለች።

«ይሄን ማን አስተማረው?» አለ ምንተስኖት፣ ፊቱ ገርጥቶ።

«ከእኔ ነዋ! የሰው ጥም ምን እንደሚመስል ከእኔ ለመደ።» ልቧ ደስ አለው፤ ወዲያው ግን ፈራች። «ቢከፈትስ?»

«ውሃው ለሁለቱ አይበቃም። ሣሩ በሳምንት ውስጥ ያልቅለታል።»

ከዚያ ቤቱ፤ ከዚያ አባቷ። ፈርዶሳ ወደ አጥሩ ዞር አለች፤ አንዲት ሴትዮ ጀሪካኗ ላይ ተቀምጣ በነጠላዋ ራሷን ታራግባለች። ፈርዶሳ ፊቷን መለሰች። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እኛም በእሷ ቦታ ብንሆን ሌላ አንልም ነበር፤ የሚያሳፍረውም ይኸው ነው።

«አትክፈት» አለች። «ከሰው የሚመጣውን ሁሉ አጥፋው።»

ምንተስኖት መሬት መሬቱን ያያል። የሚረጨው ውሃ ቀጥ አለ። ፈርዶሳ ከንፈሯን በምላሷ ልታርስ ሞከረች፤ ምላሷም ደረቅ ነው።

«ስሕተቱ ታርሟል» አለ ማሽኑ፣ በዚያ በለሰለሰ ድምፁ። «አሁን የተጠማ የለም።»