የትርንጎ ኪንታሮት

ይህን ታሪክ ከሰማሁ ቆይቻለሁ፤ የፈረሱን ስም ተሳስቼ ይሆናል። በትርንጎ ጉንጭ ላይ የሆነውን ግን በደንብ አስታውሳለሁ፤ ስሙኝ።

ትርንጎ የምትባል ልጅ ነበረች። አባቷ ጋሪ ነጂ ነው፤ ጋሪውን የሚጎትተው ፈረስ ደግሞ ዳማ ይባላል።

ዳማ መንገድ ላይ ሲሄድ፣ «ቋ! ቋ! ቋ!»

አንድ ጠዋት ትርንጎ ፊቷን ስትታጠብ ጣቷ አንድ ነገር ነካ። ጉንጯ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ሻካራ ነገር ወጥታለች።

«እማዬ፣ ይቺ ምንድን ናት?»

«ኪንታሮት ናት፣ የኔ ልጅ። አትነካኪያት።»

ትርንጎ ግን ነካካቻት። አከከቻት፤ ቧጠጠቻት። ሲሰነባብት ከአጠገቧ ሌላ ትንሽዬ ኪንታሮት ብቅ አለች!

የጎረቤት ልጅ አስካለ አየቻትና ሳቀች። «ኮከብ ቆጥረሻል! ኮከብ የቆጠረ ኪንታሮት ይወጣበታል፤ አታውቂም እንዴ?»

ትርንጎ ደነገጠች። እውነትም ከአባቷ ጋር በጋሪ ወደ ቤት ሲመለሱ ኮከብ ቆጥራ ነበር።

«ትምህርት ቤት ሲከፈት ልጆቹ ሁሉ ይስቁብኛል» ብላ አሰበች። ከዚያ ወዲያ አንድ እጇ ከጉንጯ አልወርድ አለ።

ስትበላ፣ እጅ ጉንጭ ላይ! ስትሮጥ፣ እጅ ጉንጭ ላይ! ጫማዋን ስታስር እንኳ፣ እጅ ጉንጭ ላይ! ጫማው ታዲያ መቼ ይታሰራል?

«በፈረስ ጭራ ጠበቅ አድርገሽ እሰሪያት፤ ተቆርጣ ትወድቃለች» አለቻት አስካለ። «አጎቴ እንደዚያ ነው ያደረገው።»

ትርንጎ ቀስ ብላ ከዳማ ኋላ ቆመች። እናንተ ግን እንዲህ እንዳታደርጉ፤ ፈረስ ይራገጣል።

ከጭራው አንዲት ፀጉር ይዛ ሳብ አደረገች። ዳማ፣ «ፍርርር!» ጭራው፣ «ሿ!» ኮቴው፣ «ቋ!» ትርንጎም ገለባው ላይ ዘጭ አለች።

አባቷ እየሮጠ መጣ። እጇን አየ፤ እግሯን አየ፤ ደህና ናት።

«ምነው ትርንጎዬ! ፈረስ በኋላው ይቀረባል እንዴ? ምን ልትሠሪ ነበር?»

ትርንጎ እያለቀሰች ሁሉንም ነገረችው። «ኮከብ ቆጥሬ ነው፣ አባዬ! ከእንግዲህ ማንም ከእኔ ጋር አይጫወትም!»

አባቷ እንባዋን ጠረገላት። «ነይ፣ ጤና ጣቢያ ሄደን እንጠይቅ።» ዳማም ተጠመደ። «ቋ! ቋ! ቋ!»

ጤና ጣቢያው ውስጥ ሲስተር ይርገዱ ተቀበለቻቸው። «እስቲ እጅሽን አውርጂልኝ፣ እመቤት» አለቻት። ትርንጎ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ ብላ አወረደች።

«ኪንታሮት ናት። ያመጣትም ኮከብ አይደለም፤ በዓይን የማትታይ ጀርም ናት። እኔም ልጅ ሆኜ ኮከብ ቆጥሬያለሁ። ሠላሳ ስደርስ እንቅልፍ ወሰደኝ!»

ትርንጎ ሳቅ አለች። «ታዲያ አሁኑኑ አይቆርጡልኝም?»

«የለም። የፊት ቆዳ ስስ ነው፤ ጠባሳ ይቀርበታል። ኪንታሮት ብዙ ጊዜ ራሷ ትሄዳለች፤ ግን ቀስ ብላ ነው። ከበዛች ወይም ካመመችሽ ተመልሰሽ ነይ፤ እኛ እናክምሻለን። እስከዚያ ፎጣሽ ለብቻ ይሁን። አሁን ከእኔ ጋር በይ፦ አላክም! አልቆርጥም! አላስርም!»

«አላክም! አልቆርጥም! አላስርም!» አለች ትርንጎ።

ትምህርት ቤት ተከፈተ። ኪንታሮቶቹ ግን አልሄዱም ነበር።

አንዲት ልጅ ጠጋ ብላ አየቻት። «ጉንጭሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

የትርንጎ ልብ፣ «ድው! ድው! ድው!» እጇ ወደ ጉንጯ መውጣት ጀመረ። መንገድ ላይ ግን ቆም አለ።

«ኪንታሮት ናት» አለች። «ቀስ ብላ ትሄዳለች።»

«እሺ» አለች ልጅቷ። «ገመድ ትዘያለሽ? ሰው ጎድሎናል።»

ገመዱ መሬቱን፣ «ጧ! ጧ! ጧ!» ትርንጎም ሁለት እጆቿን እንደ ክንፍ ዘርግታ ዘለለች።

ማታ ማታ እናቷ ብርድ ልብስ ታለብሳትና ትጠይቃታለች።

«አከክሽ?» «አላከክሁም!»

«ቆረጥሽ?» «አልቆረጥሁም!»

«አሰርሽ?» «አላሰርሁም!»

«ጎበዝ!» ትልና ግንባሯን ትስማታለች።

ወሬዋን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት አንድ ቅዳሜ፣ በአባቷ ጋሪ ገበያ ስሄድ ነው። «ኪንታሮቷስ ሄደችላት?» ብዬ ጠየቅሁት።

አባቷ ልጓሙን ላላ አድርጎ አሰበ፣ አሰበ።

«እኔ እንጃ፣ አባባ» አለኝ። «ዛሬ ጠዋት እየሳቀች ነው የወጣችው። ጉንጯን ማየት ግን ረሳሁት!»