አባባ ያሰረዛቸው መዝሙሮች

ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ አባባ አሥራ አራተኛውን መዝሙር አሰረዘ። ሰዓቱ ከአእምሮዬ ያልጠፋው እህቴ እስክሪብቶዋን አልጋው ላይ ወርውራ የግድግዳውን ሰዓት ስላሳየችኝ ነው። ልጅ ስጠኝ ብላ ስምንት ዓመት ፈጣሪን ስትለምን ኖራ ያገኘቻት ሕፃን እሑድ ልትጠመቅ ነው፤ የሚዘመሩት ሦስት መዝሙሮች ደግሞ በዚያው ማክሰኞ ተመርጠው ማለቅ ነበረባቸው። አርባ ዓመት መዘምራን ያሠለጠነ አባት እያለ ሌላ ማን ይምረጥ?

አባባ አናጢ ነበር። የእንጨት ብናኝ ሳንባውን ጨርሶት ሐኪሙ «መዘመር ይቅርና ደረጃም አትውጣ» ብሎታል። እህቴ የመዝሙሩን ርዕስ ስታነብለት ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ያጥፋል፤ ከዚያ «ይሰረዝ» ይላል። እኛ የሚያማርጥ መስሎን ነበር። እሱ ግን... የቀረችውን ትንፋሽ እየለካ ነበር! ውሃው በሕፃኗ ራስ ላይ ሲፈስ አብሮ ሊዘምርላት ፈልጎ፣ እስከ መጨረሻው የሚዘልቀውን መዝሙር ነበር የሚፈልገው። ብንሰማ እንደምንከለክለው ያውቃል። ደግሞስ ለተማሪዎቹ «ትንፋሽ አጠረኝ የሚል ዘማሪ አላሠለጥንም» ሲል የኖረ ሰው እንዴት አድርጎ ይናገረው?

«አባባ፣ ይሄስ ምን አለበት?» አለች እህቴ።

«ይረዝማል።»

«ያኛው አጭር ነው ስልህ ከፍ ይላል አልክ። ይሄኛው ዝቅ ሲል ይረዝማል። መዝሙር ነው ወይስ ሱሪ የምታስመርጠኝ?»

ሳቅሁ። አባባም ሊስቅ ሲል ሳሉ ቀደመው። ሳሉ ሲበርድለት ሕፃናት የሚማሯትን፣ አራት መስመር ብቻ ያላትን መዝሙር ውሃው ሲፈስ እንድትዘመር መረጠ።

የእህቴ ፊት ተለዋወጠ። «ለልጄ ይቺን? ባሌን እንደጠላኸው ልጄንም ጠላኋት በለኛ።»

አባባ «እንደወደድሽ አድርጊ፣ የኔ ልጅ» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። እኔስ? ታክቶኝ ነበርና «ተዪው፣ አንቺው ምረጪ» አልኳት። ምነው ያኔ ምላሴ በተሳሰረ...

እሑድ ውሃው ሲፈስ እህቴ የመረጠችው ረጅም መዝሙር ተጀመረ። አባባ የወንበሩን መደገፊያ ይዞ ተነሣ። የመጀመሪያውን መስመር ከሁሉም ጋር ዘመረ፤ ሁለተኛው ላይ ድምፁ ተቆረጠ። ቆሞ ከንፈሩን ብቻ ሲያንቀሳቅስ እህቴ አየችውና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ተመልከተው፣ ዛሬም አኩርፏል» አለችኝ።

ከጥምቀቱ በኋላ በአሥራ አንደኛው ቀን አባባ ሞተ። እውነቱን የነገረን ለለቅሶ የመጣው የመዘምራኑ መሪ ነው፤ አባባ ምስጢሩን ለእሱ ብቻ ነግሮት ኖሯል። እህቴ አላለቀሰችም። «አራት መስመር» አለች ቀስ ብላ። «አራት መስመር ብቻ ነው እኮ የጠየቀኝ።»

ሊያጽናናን የመጣው ሁሉ የዕድል ነገር ነው ይለን ነበር። ዕድል ምን በወጣው? አንድ ከሰዓት በኋላ መታገሥ ያቃተን እኛ ነን።

እህቴ ከሦስት ዓመት በኋላ ወንድ ልጅ ወለደች። ያለ መዝሙር ተጠመቀ።