ዳማ እና ቀዩ ክር

ጆሮ አላችሁ? በሉ ወዲህ አምጡት። ወሬ አለ፤ ያውም ከዳገቱ ሥር ካለው ሰፈር የመጣ ትኩስ ወሬ።

በዚያ ሰፈር ምንታምር የምትባል ልጅ አለች። የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ ስትስቅ ምላሷ በቀዳዳው ብቅ ይላል።

እናቷ ስንቅነሽ የከብትና የፍየል ሐኪም ናት። የታመመ እንስሳ ያለበት ቤት ሁሉ በሞተሯ ትሄዳለች።

ሞተሩ ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ ልክ እንደ ዳማ ፈረስ። ስለዚህ ምንታምር ስሙን ዳማ ብላዋለች።

ስንቅነሽ ጠዋት ስትወጣ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ዱግ ዱግ ዱግ!

ከኋላው ደግሞ ሌላ ድምፅ አለ። ቸክለል ቸክለል፣ ቸክለል ቸክለል።

«እማዬ፣ ያ ምንድን ነው የሚንቸከለከለው?»

«ካቴናው ነው፤ የኋላ ጎማውን የሚጎትተው ሰንሰለት። ላልቷል። ነገ አጠብቀዋለሁ።»

ነገ ሲመጣ ስንቅነሽ ደግሞ «ነገ» ትላለች። ሰው ሥራ ሲበዛበት እንዲህ ነው።

ምንታምር አንዲት ግልገል አለቻት። መላ አካሏ ጥቁር ነው፤ አናቷ ላይ ብቻ ነጭ ሻሽ ያሰረች ትመስላለች። ስሟም ሻሼ ነው።

ሻሼ የምትኖረው ዳገቱ ጫፍ ላይ፣ አጎት አለልኝ ቤት ነው። እታች እንዳትኖር የእትዬ ዘርትሁንን ጎመን በልታ ተባራለች።

እትዬ ዘርትሁን የአጥር ጎረቤት ናቸው። በአጥሩ ቀዳዳ የማያዩት ነገር የለም።

አንድ ቀን ወደ ማታ ላይ አጎት አለልኝ ስልክ ደወለ። «ስንቄ፣ ከወንዙ ማዶ ያሉት ፍየሎች ማሳል ጀምረዋል። የእኛዎቹ ሳይያዙ ድረሽልን።»

ምንታምር ሰማች። ዓይኗ በእንባ ሞላ። «ሻሼም ታስላለች?»

«ክትባቱን ቀድማ ካገኘች አትታመምም። ነገ በጠዋት አብረን እንሄዳለን።»

ምንታምር ደስ አላት። ደስ ሲላት ደግሞ እጇ አርፎ አይቀመጥም።

የአጎት አለልኝ ፈረስ በዓል ሲመጣ በቀይ ክር ያጌጣል። አንገቱ ላይ ዘርፍ ይንጠለጠልለታል።

«ዳማስ ፈረስ አይደል?» አለች ምንታምር።

ከእናቷ የሹራብ ክር ቀዩን መዘዘች። በግራ በኩል፣ እናቷ ስትነዳ የምትጨብጣትን የብረት መጨበጫ ከእጀታው ጋር አንድ ላይ ጠመጠመቻት።

ጥምጥም፣ ጥምጥም፣ ጥብቅ!

ከፊቱ የፕላስቲክ መከላከያ ስላለ ክሩ ተሸፈነ። የሚታየው ወደ ውጭ የተንጠለጠለው ቀይ ዘርፍ ብቻ ሆነ።

ማንም አላየም። ከእትዬ ዘርትሁን በቀር።

በማግስቱ ስንቅነሽ ክትባቱን በበረዶ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠች። ሳጥኑን ሲነቀንቁት በረዶው ያወራል። ቅጭል ቅጭል።

«በረዶው ሳይቀልጥ መድረስ አለብን» አለች። «ክትባቱ ከሞቀ አይሠራም።»

ከዚያ ዘርፉን አየች። «ውይ፣ ዳማ እንዴት አምሮበታል! ማነው የሞሸረው?»

ምንታምር ምላሷን በጥርሷ ቀዳዳ ብቅ አድርጋ ሳቀች።

ትልቁን የሞተር ቆብ አጠለቀች። ራሷ ክብ ሆነ፤ እንጉዳይ መሰለች።

«ያዢኝ» አለች እናቷ።

«ይዤሻለሁ» አለች ምንታምር።

ዱግ ዱግ ዱግ! ቸክለል ቸክለል! ዳማ ሜዳውን ጨርሶ ዳገቱን ጀመረ።

ዱግ ዱግ ዱግ! ቸክለል ቸክለል! ቸክለል… ኳ!

ዳማ ቆመ። ካቴናው ከኋላ ጎማው ጥርስ ወልቆ እንደ ሞተ እባብ ተንጠልጥሏል።

«ነገ፣ ነገ ስል ይኸው ዛሬ ጉድ ሠራኝ» አለች ስንቅነሽ። ሞተሩን አጠፋች፤ ከመቀመጫው ሥር መፍቻ አወጣች።

ካቴናውን ወደ ጥርሱ መለሰች። የኋላ ጎማውን ትልቅ ብሎን አላላች፤ ከዚያ ትንንሾቹን አዞረች። በግራ ትንሽ፣ በቀኝም ያንኑ ያህል።

«ለምንድን ነው ሁለቱንም?»

«አንዱን ብቻ ካዞርኩት ጎማው ይጣመማል። አየሽ፣ ጎማው ወደ ኋላ ሲሄድ ካቴናው ይወጠራል።»

«በጣም አጥብቂው እማዬ። ክርር አድርጊው። ከዚያ በፍጹም አይወልቅም።»

«አይሆንም ምንቴ። በጣም ከከረረ እኔና አንቺ ስንቀመጥበት ይበጠሳል። ለካቴና ትንሽ ፋታ ይተውለታል። በይ፣ በጣትሽ ንኪልኝ።»

ምንታምር በጣቷ ነካችው። ካቴናው ትንሽ ወደ ላይ አለ፤ ትንሽ ወደ ታች አለ።

«ከርሯል?» አለች እናቷ።

«አልከረረም።»

«ላልቷል?»

«አልላላም።»

«እንግዲያው ልክ ነው!»

ስንቅነሽ ትልቁን ብሎን አጠበቀች። ምንታምር ጣቷን ስታይ በጥቁር ቅባት ተለውሷል። አፍንጫዋን አከከች፤ አፍንጫዋም ጠቆረ።

«ያዢኝ።»

«ይዤሻለሁ።»

ዱግ ዱግ ዱግ! ቸክለል የለ፣ ምን የለ። ደስ ሲል!

ግን ዳገቱ ቀጥ ሲል ዳማ ሌላ አመል አመጣ። እኡኡኡም! እኡኡኡም! ይጮኻል፣ ይጮኻል፤ ጎማው ግን እንደ ኤሊ ነው።

የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ስንቅነሽ ዳማን ዳር አስይዛ አቆመችው።

«ካቴናው ነው?» አለች ምንታምር።

ስንቅነሽ ጎንበስ ብላ አየች። «ካቴናው ደህና ነው። ፍሪሲዮኑ ነው የሚንሸራተተው።»

«ፍሪሲዮን ምንድን ነው?»

ስንቅነሽ ሁለት መዳፎቿን አንድ ላይ አጣበቀች። «ዳማ ሆድ ውስጥ እንዲህ የተጣበቁ ክብ ብረቶች አሉ። ሲጣበቁ አንዱ ሌላውን ያዞረዋል፤ ጎማው ይሄዳል። በግራ እጄ ስጨብጥ ይላቀቃሉ፤ ስለቀው መልሰው ይጣበቃሉ።»

መዳፎቿን አንሸራተተቻቸው። «አሁን ግን እጄን ለቅቄም በደንብ አይጣበቁም።»

«ለምን?»

«እኔም እሱን ነው ያላወቅሁት።»

ምንታምር ሳጥኑን ነቀነቀች። ቅጭል አላለም። ጭልቅ ጭልቅ አለ።

ይሄኔ ከላይ ዶሮ በብብታቸው ሸጉጠው አንድ ሰው መጡ። ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? እትዬ ዘርትሁን ናቸዋ! እሳቸው የሌሉበት መንገድ የት አለ?

«ምነው ስንቄ፣ ፈረስሽ ለገመ?»

«ለገመብኝ እትዬ። ከየት ነው በጠዋት?»

«ከላይ፣ ከአለልኝ ሰፈር፤ ይቺን ዶሮ ልገዛ ሄጄ። ያ ሳል ወንዙን ተሻግሯል አሉ፤ ከአለልኝ በረት ለመድረስ ምንም አልቀረው።» ዶሮዋን ወደ ሌላ ብብታቸው አዛወሯት። «የአንቺን ሞተር ግን ዓይን ነው የበላው። ማታ ይቺ ልጅሽ ቀይ ክር ስትጠመጥምበት አይቻለሁ። አሁንስ አበዛችው፣ ዓይን ያገኘዋል ብያለሁ።»

«ለማን አሉ እትዬ?»

«ለራሴ ነዋ። እኔ ወሬ አልወድ።»

ዶሮዋ «ቋቅ» አለች።

«ዓይን ሞተር አይበላም እትዬ» አለች ስንቅነሽ። ሳጥኑን አየች፤ ዳገቱን አየች። «በእግር እንዳንሄድ ሩቅ ነው፤ በረዶው አይጠብቀንም። እንመለስና መካኒክ ይየው። ሌላ ቀን እንመጣለን።»

«ሻሼስ?» አለች ምንታምር።

ስንቅነሽ የሳጥኑን ክዳን ጠበቅ አድርጋ ዘጋች።

ምንታምር ዘርፉን አየች። ቀይ ክር፣ አሉ እትዬ። ጥምጥም፣ ጥምጥም፣ ጥብቅ…

ቀስ ብላ ወደ መሪው ሄደች። ቅባት በነካው ጣቷ መጨበጫዋን ገፋ አደረገቻት።

ወደዚያ አትል። ወደዚህ አትል።

«ከርሯል?» አለች ለራሷ።

ከርሯል። ድርቅ ብሏል።

ብትናገር እናቷ ትቆጣ ይሆናል። ባትናገር ደግሞ ሻሼ… ሻሼ ማሳል ልትጀምር ነው።

«እማዬ» አለች፤ ድምጿ አነሰ። «ይቺ ፋታ የላትም። እኔ ነኝ ያሰርኳት።»

ስንቅነሽ መጥታ ተንበረከከች። ከመከላከያው ሥር አጮለቀች። ክሩን አየች።

«አሃ» አለች። «ለካ ክርሽ መንገዱን ሙሉ መጨበጫዋን ሲጨብጥልኝ ነው የመጣው። እኔ ስለቃት እሱ ትንሽ አልለቅ ብሎኛል፤ ሜዳው ላይ አልታወቀኝም፣ ዳገቱ ላይ ግን ጉድ ሠራኝ።»

«ልትቆጪኝ ነው?»

ስንቅነሽ የልጇን ጥቁር አፍንጫ አየች። ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች።

«እኔ ካቴናውን እስኪላላ ተውኩት። አንቺ ይቺን አከረርሻት። አሁን ማን ማንን ይቆጣ?»

«ማንም» አለች ምንታምር።

«ማንም። ደግሞ እውነቱን ነገርሽኝ። ነይ እንፍታው።»

ቋጠሮው ጥብቅ ነው። ምንታምር በጥርሷ ልትፈታው ብላ ጥርሷን አጣችው። በጥፍር፣ በጥፍር፣ በጥፍር… ተፈታ!

መጨበጫዋ ቀጭ ብላ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ምንታምር በጣቷ ነካቻት፤ ትንሽ ወደዚያ አለች፣ ትንሽ ወደዚህ አለች።

«ከርሯል?» አለች ስንቅነሽ።

«አልከረረም።»

«ላልቷል?»

«አልላላም።»

«እንግዲያው ልክ ነው!» አሉ እትዬ ዘርትሁን፤ ማንም ሳይጠይቃቸው።

«እንውጣ እማዬ፣ ቶሎ!»

«ቆይ። ሆዱ ግሏል፤ ትንሽ ይብረድለት። በተቃጠለበት ላይ ብንነሳ ጭራሽ ይበላሻል።»

መጠበቅ እንዴት ይከብዳል! ምንታምር ሳጥኑን ጥላ ውስጥ አስገባችው። ነጠላዋን አውልቃ አለበሰችው።

እትዬ ዘርትሁንም አልሄዱም። መጨረሻውን ሳያዩ እንዴት ይሂዱ?

ስንቅነሽ የዳማን ሆድ በእጇ ጀርባ ዳበሰች። «በርዷል። ነይ ውጪ። ያዢኝ።»

«ይዤሻለሁ!»

ዱግ ዱግ ዱግ! ጩኸት የለም። መንሸራተት የለም። ዱግ ዱግ ዱግ! ዳማ ዳገቱን እንደ ፈረስ ወጣው።

«ክሩ ነው ብዬ ነበር እኮ!» ሲሉ ከኋላ የእትዬ ዘርትሁን ድምፅ ተሰማ።

ዳገቱ ጫፍ ላይ አጎት አለልኝ ፍየሎቹን ሰብስቦ ቆሟል። «ቀራችሁ ብዬ ነበር» አለ።

ስንቅነሽ ሳጥኑን ከፈተች። ምንታምር ትንፋሿን ይዛ አየች።

ውሃ። ውሃ። ውሃው ላይ ግን አንዲት የባቄላ ፍሬ የምታክል በረዶ ተንሳፍፋለች።

ስንቅነሽ ውስጡ ያለውን የሙቀት መለኪያ አየች። «ቀዝቃዛ ነው። ደርሰናል!»

ፍየሎቹ አንድ በአንድ ተወጉ። ጩቅ፣ ሜእእ! ጩቅ፣ ሜእእ!

የሻሼ ተራ ሲደርስ ምንታምር አንገቷን አቀፈቻት። ጩቅ! ሻሼ «ሜእእ» ማለቱን ረስታ የምንታምርን ጆሮ ላሰች።

ምንታምር ቀዩን ክር ከኪሷ አወጣች። በሻሼ አንገት ላይ አሰረችው፤ በክሩና በአንገቷ መካከልም ጣቷን አስገባች።

«ከርሯል? አልከረረም። ላልቷል? አልላላም። እንግዲያው ልክ ነው!»

ሻሼ ዘርፉን ልትበላው ሞከረች። ጎመን መስሏት ይሆናል።

ማታ ስንቅነሽ የልጇን አፍንጫ በሳሙና አሸች። አፍንጫው ነጣ፤ ፎጣው ጠቆረ።

ምንታምር አልጋዋ ላይ ወጣች። እናቷ ብርድ ልብሱን ከግራም ከቀኝም ጠቀጠቀችላት።

«ከርሯል?» አለች ስንቅነሽ።

«ትንሽ ከርሯል። እግሬ ፋታ የለውም።»

ስንቅነሽ ከእግሯ በኩል ሳብ አደረገችላት። «አሁንስ ላልቷል?»

«አልላላም» አለች ምንታምር እያዛጋች። «እማዬ፣ ያዢኝ።»

«ይዤሻለሁ።»

ደጅ ዳማ ቆሟል። ሻሼ ዳገቱ ጫፍ ላይ ተኝታለች፤ አታስልም።

እትዬ ዘርትሁንም በአጥሩ ቀዳዳ መብራቱ ሲጠፋ አዩ። ነገ ይሄን ሁሉ ለሰፈሩ ያወራሉ።

እናንተ ግን ቀድማችሁ ሰምታችኋል። በሉ አሁን ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ አታክርሩት፣ አታላሉት። ልክ ነው።