የተሰረዘው መስመር የከፈተው በር

ሌባ ተባልኩ። ስድስት ዓመት የጠበቅኩትን በር ለሌባ ከፍተሃል ተብዬ፣ ካፖርትህን አስረክብና ውጣ ተባልኩ፣ የደረሰብኝ በደል ይኸው ነው፣ አላሳምረውም።

አሁን የምነግራችሁን ሌላ ሰው ቢነግረኝ "ሂድና ተኛ" ነበር የምለው። ወሎ ሳድግ ስለ ጅን ያልሰማሁት ወሬ የለም፣ አንዱንም አምኜ አላውቅም፣ በሬ ሲጠፋ ጅን ወሰደው ይባላል፣ ሲሰነብት በሬው ከጎረቤት በረት ይገኛል። የሚሰርቅ ሰው ነው፣ የሚዋሽም ሰው ነው፣ እኔ የማውቀው ይህን ነው።

የምጠብቀው አቃቂ በሰቃን አለፍ ብሎ ያለ የጎማ መጋዘን ነው። በሩ በሞተር የሚንሸራተት ትልቅ ብረት ነው፣ ሠራተኛው ካርዱን ያስጠጋል፣ ጥበቃ ቤቴ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር አይቶ ይመዘግባል፣ ከዚያ "ቀጭ" ይልና ይከፈታል። ይህንን የሠራው ተካልኝ የሚባል ፕሮግራመር ነበር። ተካልኝ በሩን ሲሞክር ካርድ አይፈልግም፣ ቢሮው ቁጭ ብሎ፣ በላፕቶፑ፣ ዲበገር በሚሉት ነገር ፕሮግራሙን መሃል መንገድ ላይ ያቆመውና "በር ክፈት" የሚለውን ሥራ ብቻ ለይቶ ይጠራዋል፣ በሩም ክንድ ያህል ተከፍቶ ይቆማል፣ ይዘጋል፣ ደግሞ ክንድ ያህል። ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ። በሩ ሰው እንዳይመታ ደግሞ አስቀድሞ ሚስኮል ያደርግልኛል፣ እኔም ከበሩ ዞር እላለሁ። "ካርድ ሙላ እንጂ፣ አንተ ቋጣሪ!" ስለው፣ "ላንተ አንድ ጥሪ መች አነሰህ ሰይዶ!" ይለኛል።

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ አንድ ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ነው። ስልኬ ላይ በገዛ ጣቴ የጻፍኩት የመጀመሪያው ስም "ተካልኝ በር" የሚል ነው። ኅዳር ላይ ታሞ ሞተ። ስሙን አላጠፋሁትም።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ፣ ጠራራ ፀሐይ፣ ሁሉም ወጥቶ ብቻዬን ሳለሁ፣ "ቀጭ" የሚል ሰማሁ፣ ሞተሩ እምም አለ፣ በሩ ክንድ ያህል ተከፈተ፣ ቆመ፣ ተዘጋ። ደገመው። ወጥቼ አየሁ፣ ሰው የለም፣ ከአስፋልቱ ማዶ አንዲት ፍየል ብቻ ቆማ በሩን ታያለች። ገብቼ መዝገቤ ላይ ጻፍኩ፤ "ስድስት ሰዓት ከሃያ፣ በሩ ለብቻው ተከፈተ፣ ሰው አልገባም።" ስልኬ ያን ሰዓት ስልጤው ሱቅ ቻርጅ ላይ ነበር፣ ይህን ያዙልኝ።

ሰኞ ጎማ ጎደለ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ደምሰው አስጠራኝ።

"ኮምፒውተሩ ቅዳሜ ያለ ካርድ ተከፈተ ይላል፣ የነበርከው አንተ ብቻ ነህ።"

"መዝገቤን ይዩት።"

አየው፣ ሳቀ። "መጻፍ ሲያስተምሩህ ውሸት መጻፍም አስተማሩህ?"

እመኑኝ፣ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ፊደል የተማርኩት ለዚያ መዝገብ ስል ነው። ካፖርቴን አስረከብኩ።

በሦስተኛው ቀን ተጠርቼ ሄድኩ፣ በተካልኝ ቦታ የተቀጠረችው ሄለን ያንን የሙከራ መንገድ ኮምፒውተሩ ውስጥ አገኘችው፣ ማንም አይጠቀምበትም፣ ላፕቶፕ ያለው ሁሉ ግን በዚህ በሩን ሊከፍት ይችላል አለች። ላፕቶፕ ያለው ደግሞ አቶ ደምሰው ነው፣ በልቤ ያዝኩበት። እሱ ግን ቀደመኝ።

"መንገዱን አጥፊው፣ ሄለን! ሰይድም ተመልሶ ይቀመጥ። ከጠፋ በኋላ በሩ አንዴ ያለ ካርድ ቢከፈት ግን ሌባው እሱ ነው፣ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ።"

እሁድ ከሰዓት እኔና ሄለን ጥበቃ ቤት ተቀመጥን። ስክሪኑ ሙሉ የፈረንጅ ፊደል ነው፣ መሃሉ ላይ ግን አንድ መስመር በእኛ ፊደል ተጽፏል፣ ከእሷ ቀድሜ አነበብኩት፤ "ለሙከራ ብቻ። ሰይድን ሳታሳውቅ አትክፈት።"

"ይህቺን መስመር ተያት፣ ልጄ።"

"ማስታወሻ ናት እኮ ጋሼ። ኮዱ ከሌለ ማስታወሻው ምን ይሠራል?" አለችና ሁሉንም ሰረዘችው። አዲሱን ጫነች፣ ኮምፒውተሩን አጥፍታ አስነሳች፣ ላፕቶፗን ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። "በቃ፣ ከእንግዲህ ማንም አይጠራውም፣ የሚጠራው ነገር ራሱ የለም።"

ከፔርሙዙ ሻይ ቀዳሁ። ሁለቱንም ብርጭቆ እንደያዝኩ ኪሴ ውስጥ ስልኬ አንዴ ተንቀጠቀጠና ተቋረጠ።

ልማድ ነው፣ በመስኮቱ ወደ በሩ አየሁ፣ የሚያልፍ ሰው እንዳይኖር።

ቀጭ።

በሩ ክንድ ያህል ተከፈተ፣ ቆመ፣ ተዘጋ። ሄለን መጀመሪያ በሩን አየች፣ ቀጥላ እጄን አየች፣ ጠርጥራኛለች፣ አልፈርድባትም።

"ሁለቱም እጄ ሻይ ይዟል" አልኳት። ይህን ስል በሩ ደገመው።

"የኤሌክትሪክ ነገር ይሆናል" አለች፣ ከንፈሯ ግን ደርቋል።

"ኤሌክትሪክ ሚስኮል ያደርጋል?"

ስልኩን ሰጠኋት። "ተካልኝ በር" ይላል። ቁጥሩን ለሌላ ሰው ሸጠውት ይሆናል ብዬ ፊቷ መልሼ ደወልኩ፣ የደወሉት ቁጥር አገልግሎት ላይ የለም አለችኝ የቴሌዋ ሴትዮ። እኔ ያመለጠኝን ጥሪ የማየት ልማድ የለኝም፣ የፈለገኝ ይደግማል። ሄለን ግን ዝርዝሩን ወደ ታች ገፋችው፣ ገፋችው፣ ቆመች። ያቺ ቅዳሜ፣ ስድስት ሰዓት ከአሥራ ዘጠኝ፣ ተካልኝ በር።

"ጋሼ፣ በሩ እንደተከፈተ አቶ ደምሰው ካወቀ እርስዎን ነው የሚያስሩት፣ ዝም ልበል?" አለችኝ።

ፈራሁ፣ አልዋሽም። ግን ውሸት ጽፈሃል ተብያለሁ። መዝገቡን ከፈትኩና የሆነውን በሙሉ ጻፍኩ፣ ሚስኮሉንም ሳይቀር፣ "ፈርሚበት" አልኳት። ፈረመች።

አቶ ደምሰው በማግስቱ መዝገቡን ሁለት ጊዜ አነበበው።

"እሷም ማታ ትምህርት ገብታ ይሆናል" አልኩት።

አልሳቀም። ሞተሩን አስነቀለና በሩን በሰንሰለት አሳሰረ፣ አሁን በትከሻዬ ነው የምገፋው። ጎማው አልተገኘም፣ አቶ ደምሰው ዓይኔን አያይም፣ የቀረውን እናንተ ጨምሩበት።

እኔ ዛሬም በጅን አላምንም። ግን ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ሲሆን ስልኬን አጠፋና ከበሩ ዞር እላለሁ፣ ባለፈው ቅዳሜ፣ ነፋስ በሌለበት፣ ሰንሰለቱ ለብቻው ተወጥሮ ሲላላ ሰማሁት፣ ሁለት ጊዜ።

ያ ሄለን የፈረመችበት መዝገብ ያስገኘልኝን፣ ከስርቆቱ ነጻ ነህ የሚለውን ደብዳቤ አቶ ደምሰው ፊት ቆሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ቃል በቃል፣ እያስጠበቅኩት አነበብኩት። ራስጌው ላይ ያለውን ቀንም አልዘለልኩም፤ የካቲት ዘጠኝ።