ፀሐይ የሚያነቃው ዱቄት

ምስጥ ብልቃጡን በኮቱ ውስጥ ሸጉጦ መናኸሪያው ገባ። ቀትር ነው። ትኬት ቆራጮች ይጮኻሉ፤ ሰው ይጋፋል። ለሥራው እንዲህ ያለ ግርግር ይመቻል።

ምስጥ የስለላ ስሙ ነው። የውሃ ጥበቃ ቢሮ ፀረ አረም መድኃኒት የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ አስርጎ አስገባው፤ እዚያ የቤተ ሙከራ ዕቃ አጣቢ ሆኖ ኖረ። የተላከው ለአንድ ጥቁር ዱቄት ነበር። ዱቄቱን የፋብሪካው ኬሚስት ከበቆሎ ቆረቆንዳ ነው የሠሩት። ከፋብሪካው በሚወጣ ፀረ አረም የተመረዘ የወንዝ ውሃ ውስጥ ጨምረው ፀሐይ ላይ ሲያቆዩት ብርሃኑ ያነቃዋል፤ ፀረ አረሙን ሰባብሮ ያጠፋዋል። ፋብሪካው ግን ቆለፈበት። ማርከሻውን ማውጣት፣ ወንዙን የመረዝኩት እኔ ነኝ ብሎ ማመን ነዋ።

ኬሚስቷን እትዬ ይላቸዋል። ምሳቸውን ያካፍሉታል፤ ሸሚዙ ሲተረተር ይሰፉለታል። ዛሬ ጠዋት ካዝናውን ሲከፍት ደረሱበት። አልጮኹም። ለማን እንደሚወስደው ብቻ ጠየቁት። እውነቱን ነገራቸው። የዱቄቱን ብልቃጥ አንስተው ሰጡት፤ ለክፉም ለደጉም ብለው ተራ ከሰል የሞላ ሌላ ብልቃጥ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ካልሸኘሁህ ብለውም ተከተሉት። አሁን አውቶቡስ እንደሚጠብቅ መንገደኛ ራቅ ብለው ተቀምጠዋል።

በቢሮው አጎት የሚባለው አለቃው ትኬት መስኮቱ ጋ ይጠብቀው ነበር።

«የቆላው አውቶቡስ ሄደ?» አለ ምስጥ።

«ገና እየጫነ ነው» አለ አጎት። ምስጢራዊ ቃሉ ልክ ነው። ዓይኑ ግን ከምስጥ ትከሻ ባሻገር ያያል።

ምስጥ ዞር አለ።

የፋብሪካው የጥበቃ ኃላፊ ከጥበቃዎቹ ጋር በሩን ዘግቶ ቆሟል።

አጎት ሸጦታል።

«ዕቃውን ስጠኝ» አለ አጎት በለሆሳስ። «ጅል አትሁን። የእነሱ እጅ ከእኛ ይረዝማል።»

እትዬ መጥተው በመሃላቸው ቆሙ። ከቦርሳቸው የከሰሉን ብልቃጥ አወጡ።

«እሱ ምን ያውቃል? ዕቃው እኔ ጋ ነው» አሉ፤ ሁሉም እንዲሰማ።

ከዚያ ወደ ምስጥ ጆሮ ጠጋ አሉ። «ሂድ። እኔን ከተማው ሁሉ ያውቀኛል። አንተን ማን ያውቅሃል?»

እሳቸው በአውቶቡሶቹ መካከል ሮጡ። በዚያ ዕድሜያቸው። ጥበቃዎቹ በሙሉ ተከተሏቸው፤ አጎትም ተከተለ።

አንድ አውቶቡስ ወደ ኋላ እየተመለሰ ነበር።

ሹፌሩ አላያቸውም።

ሰው ጮኸ። የምስጥ እግር ወደ ጩኸቱ ዞረ። ቢሄድ ዱቄቱም ይያዛል፤ የእሳቸውም ሩጫ ከንቱ ይቀራል። የሚወጣው አውቶቡስ በር ላይ ተንጠለጠለ። ወደ ኋላ አላየም። ሊያይ አልቻለም።

ዱቄቱን ከፋብሪካው በታች ወንዙ ዳር ላለችው ከተማ የውሃ ባለሙያ በእጁ አስረከበ። ባለሙያው መርምሮ ከቆረቆንዳ አበዛው። የከተማዋ ሕፃናት ዳግም ከቧንቧ መጠጣት ጀመሩ። አጎት ታሰረ። ቢሮው ለምስጥ አዲስ ስም፣ አዲስ አገር አዘጋጀለት።

ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ግን፣ በአደጋው ማግስት፣ የእትዬ ቀብር ላይ ተገኝቶ ነበር። የፋብሪካው ሰዎች ከፊት ቆመዋል። እሱ ከኋላ፣ በጋቢ ተሸፋፍኖ፣ ከማያውቁት ሰዎች ጋር ተቀላቀለ። ሰው ሲበተን የእትዬ ታናሽ እህት አየችው።

«የኔ ወንድም፣ ለእህቴ ምኗ ነህ?»

የጥበቃ ኃላፊው ጀርባውን ሰጥቶ አጠገባቸው ቆሞ ነበር።

«መንገደኛ ነኝ። ሰው ሲሰበሰብ አይቼ ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። «ሥራ ቦታ ልጅ አለኝ ትለኝ ነበር። አየህ፣ እሱ እንኳ አልመጣም።»

«አልሰማ ይሆናል» አላት።

አንገቱን ደፍቶ ወጣ። መንገዱ ላይ ከሚያልፈው ሰው ጋር ተደባለቀ።