ፒኑ በወለላ እጅ

ጄኔሬተሩ የተጎታቹ የኋላ ጫፍ ላይ ሲቀመጥ፣ የፊተኛው መጎተቻ ብረት ብድግ አለ።

«ተጫኑት!» አለ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አሰግድ። ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች ብረቱ ላይ ተጋድመው እንደምንም ከላንድሮቨሩ ማያያዣ ጋር አገናኙት።

የቀበሌው የኪነት ቡድን የመስከረም ሁለትን በዓል ለማድመቅ ከአሰላ ወደ ኢተያ ሊወርድ ነው። የአቶ መርሻ ላንድሮቨር ከነተጎታቹ «ለአብዮቱ ትተባበር» ተብሏል። እምቢ የሚል ማን አለና! ኢተያ ሲደርሱ ቶሎ ይወርዳል ብሎ ጄኔሬተሩን ከኋላ ያስጫነው ሊቀመንበሩ ራሱ ነው። ልጆቹም ከነከበሯቸው እዚያው ጄኔሬተሩ ዙሪያ ታጭቀዋል፤ ፊት ፊቱን መፈክር የተጻፈበት ጨርቅ ይዞታል።

«ኮቱ፣ ወለላ! ነይ፣ ቦታ ይዤልሻለሁ!» ብላ ጓደኛዋ ኢፍቱ ከላይ ተጣራች።

ወለላ የአቶ መርሻ ልጅ ናት፤ የቡድኑም ዘፋኝ። ተጎታቹ ሲታሰር ማያያዣውን የሚቆልፈውን ፒን የምትሰካው ሁልጊዜ እሷ ነች። አሁን ግን ፒኑን ጨብጣ ቆመች። ባለፈው ሳምንት ድንቹን ከኋላ ጭነው ቁልቁለቱን ሲወርዱ፣ ተጎታቹ መኪናውን ግራና ቀኝ ሲያላጋው አይታለች። አባቷ እግሩን ከነዳጁ ላይ አንስቶ፣ ቀስ አድርጎ ዳር ካስያዘ በኋላ ላቡን እየጠረገ «ከባድ ዕቃ ወደ ፊት ነው። ሰው ደግሞ በፍጹም!» ብሏት ነበር። ዛሬ ያ አፉ የት ሄደ?

«ወለላዬ፣ ፒኑን» አለ አባቷ ዓይኑን ከመሬት ሳይነቅል።

«አልሰካም።»

«ምን አልሽ?» አለ ጓድ አሰግድ።

«ኋላው ከብዷል። ቁልቁለቱ ላይ መኪናውን ይጥለዋል። ልጆቹ ይውረዱ፣ ጄኔሬተሩም ወደ ፊት ይምጣ።»

«አንቺ ነሽ የምታስተምሪኝ? የበዓሉን ሥራ ማደናቀፍ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ?»

ታውቃለች፤ ፀረ አብዮት ነው የሚባለው። ንዴቷ ግን አልበረደም። ብረቱ ላይ ወደተጋደሙት ጥበቃዎች ዞረች።

«እስከ ኢተያ እንደዚህ ተጋድማችሁበት ነው የምትሄዱት?»

አንደኛው ሳቁ አመለጠው። ሳቁ ክንዱን አላልቶት ብረቱ ጥቂት ከፍ ሲል፣ ከላይ ያሉት ልጆች ወደ ኋላ ተንሸራተው ተንጫጩ። ጥበቃዎቹ ደንግጠው መልሰው ተጫኑት።

«ኧረ እኔስ ወረድኩ!» ብላ ኢፍቱ በጎን ዘለለች። ሌሎቹም ሊቀመንበሩን አላዩም፤ እየተገፈታተሩ ተከተሏት።

ጓድ አሰግድ ፊቱ ቀላ። «ከኪነቱ ተሰርዘሻል! አባትሽንም ስንመለስ እናነጋግረዋለን።»

«እናነጋግረዋለን» የሚለው ቃል በዚያ ዘመን ማንንም ያስደነግጥ ነበር። ወለላ ወደ አባቷ ዞረች። በእሷ ምላስ አባቷ ሊታሰር ነው? ፒኑን ልትሰጥ እጇን ዘረጋች። አባቷ ግን እጇን መልሶ አጠፈው።

«ያዥው» አለ። ድምፁ ቀጭን ነበር፤ ግን ሁሉም ሰማው። «ጄኔሬተሩ ወደ ፊት እስኪመጣ አልነዳም። ልጆቹም በአውቶቡስ ይሂዱ።»

ሊቀመንበሩ ሰዓቱን አየ፣ ተሳደበ፣ እንደገና አየ። በዓሉ አይጠብቅም። «አምጡት በቃ!» ብሎ ጮኸ። ጄኔሬተሩ ወደ ፊት ሲመጣ ብረቱ ማንም ሳይጫነው ማያያዣው ላይ ዐረፈ። ወለላ ፒኑን ሰካች፤ ሰንሰለቱንም አሰረች።

ልጆቹ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው ሲሮጡ ኢፍቱ እጇን አውለበለበችላት። ጓድ አሰግድ በላንድሮቨሩ አንዱ በር፣ አባቷ በሌላው ገቡ። መካከላቸው አንድ ባዶ ቦታ ነበር። አባቷ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ፊት ለፊቱን ብቻ ያያል።

ወለላ ሊቀመንበሩ ያለበትን በር ከፈተች።

«ተሰርዘሻል አልኩሽ እኮ!»

«የተሰረዝኩት ከዘፈኑ ነው፤ ከአባቴ ጎን አይደለም» አለች። «ትንሽ ያሳልፉኝ።»

ገብታ በሁለቱ መካከል ተቀመጠች።